«እሺ» ያለ ሁሉ ገብቶታል? ለ10ኛ ክፍል ልጆች ስለ ተግባቦት ከየት ልጀምር?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ደሴዎች፣ ሰላም ኮምቦልቻዎች። አማን ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። መጀመሪያ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። የአንድ 10ኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ። ባለፈው ወር 32 ተማሪዎቼን ኮምቦልቻ ወስጄ ፋብሪካ ላስጎበኝ አሰብኩ። ሐሙስ ክፍል ገብቼ ቅዳሜ 2 ሰዓት ቧንቧ ውሃ እንገናኝ አልኳቸው። ገባችሁ? አልኩ። አዎ! አሉ በአንድ ድምፅ። የዚያን ዕለት የቀሩ ልጆች ስለነበሩ የክፍሉ አለቃ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፈው። የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ ነው። «ቅዳሜ 8:00 ቧንቧ ውሃ» ብሎ ለቀቀው። ከሥሩ እሺ፣ እሺ፣ አውራ ጣት፣ እሺ፣ አውራ ጣት። ሐሙስ ክፍል ውስጥ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ሰዓቱ የተቀየረ መሰላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት 21 ልጆች መጡ። የደሴ ብርድ ነው፤ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ቆመዋል። ለቀሩት ደወልኩ። የአንዱ ስልክ ዝግ ነው። የአንዷን እናቷ አነሱት፤ ልጅቷ ተኝታለች፣ ጉዞው ከምሳ በኋላ አይደለም እንዴ አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ፋብሪካው የቀጠረን ለ3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ገና ሐረጎን አልወረድንም። ትተናቸው ሄድን። ከሰዓት ስንመለስ አምስት ልጆች ቧንቧ ውሃ ቆመዋል። አንዷ ለመንገድ ብላ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራለች።

አሁን በክበብ ሰዓት ስለ እርስ በርስ ተግባቦት አስተምር ተብያለሁ። ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። የተሰጠኝ የሥልጠና ወረቀት የሚጀምረው ቀጥ ብሎ ስለ መቆም፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን ስለ ማየት፣ መድረክ ላይ ስለ መናገር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ ሁሉ «እሺ» ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

መልሶቹ

ይህን የጨመርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። 25 መልስ መጣ። የሰው ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ ስለማልወድ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ቁጥሩ እንደ አመጣጣቸው ነው።

1ኛው ምርቃት ብቻ ነው። አንድ አባት ረዘም ያለ ዱዓ አድርገውልኝ፣ ስለ ጥያቄው ምንም ሳይሉ ሄዱ። ወሎ ነን፤ ሳይመረቅ ወሬ አይጀመርም። አሚን ብዬ አለፍኩ።

2ኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ በጨዋ ደንብ ነው የጻፈው። ከመሠረቱ ጀምር አለኝ። ተናጋሪ አለ፣ መልእክት አለ፣ መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ አለ፣ ሰሚ አለ። መሃል ላይ ደግሞ የሚያውክ ጫጫታ አለ። ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ክሎድ ሻነን መምህር ወይም የሥነ ልቦና ሰው አልነበረም፤ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ የሒሳብ ሰው ነበር። ያሳሰበው ምልክቱ በሽቦው ውስጥ ሳይበላሽ መድረሱ ነው። ትርጉሙ ሥራው አልነበረም። ስለዚህ በሻነን ዓይን ካየነው የአለቃው መልእክት ምንም አልጎደለውም፤ 8:00 ብሎ ተላከ፣ 8:00 ሆኖ ደረሰ። የጎደለውን የጨመረው የተግባቦት ምሁሩ ዊልበር ሽራም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954። ላኪና ተቀባይ የሚግባቡት የሁለቱ ልምድ በሚደራረብበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ይላል። አለቃውና ተማሪዎቹ አንድ ቁጥር አይተው ሁለት ዓይነት ሰዓት ነው ያነበቡት። ሽራም ሌላም ጨምሯል፤ ሰሚው መልሶ የሚልከው ምላሽ አለ ብሏል። መምህሩ የእኔ «እሺ» እዚህ ላይ ነው የሚገባው አሉና ጨረሱ። (አሁን ሳየው አንተና አንቱን ቀላቅዬባቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን አላውቅም፤ ይቅርታ።)

3ኛው ተቆጥቷል። ይህ ሁሉ ቲዎሪ ለምን አስፈለገ፣ አለቃው «ጠዋት» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ አልቆ ነበር ባይ ነው። እኔንም አልማረኝም፤ የልጅ ስህተት አደባባይ ማውጣት ምን የሚሉት መምህርነት ነው አለኝ። የልጁን ስም አልጠራሁም፤ ግን የክፍሉ ልጆች ማን እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ ላይ ልክ ነው።

4ኛውና 5ኛው ሰዓት ይዘው ተከራከሩ። አንደኛው ስልካችን ሁሉ በፈረንጅ ከሆነ እኛም እንቀየርና እንገላገል አለ። ሌላኛው ጦፈ። ሰዓታችን ፀሐይ ስትወጣ የሚጀምር ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ከዓመት ዓመት ብዙ አታዛንፍብንም፣ ታዲያ ምን ጎደለው አለ። ከዚያ ወደ ቀን መቁጠሪያ ተሻገሩ። እዚያው ተውኳቸው።

6ኛዋ እናት ናቸው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ይኖራሉ። የዓይን ነገር ነው ያስጻፋቸው። ልጆቻቸውን ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይናችሁን ሰበር አድርጉ ብለው ነው ያሳደጉት። ልጃቸው አንድ ሥልጠና ወስዳ መጣችና አያቷን ፊት ለፊት፣ ዓይኗን ሳትነቅል እያየች ታናግራቸው ጀመር። አያት ደነገጡ። ልጅቷ የተቀየመች መስሏቸው ምን አጥፍቼ ነው ብለው ጠየቁ። እናትየው አጥብቀው የያዙት ነገር ይህ ነው፦ ዓይን ማየት መጥፎ ነው አላሉም፤ ለማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን አብራችሁ አስተምሩ ነው ያሉት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሌላ፣ ለአያት ሌላ።

7ኛው አሠልጣኝ ነኝ ይላል። ወጣቶችን አነቃቃለሁ ብሏል። እናትየውን ሳያነብ ነው የጻፈው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከምንግባባው 93 ከመቶው በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ቃና ነው፣ ቃል 7 ከመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አቋቋምና ዓይን መጀመሪያ ይምጣ አለ። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ብሎ ደመደመ።

8ኛው በሚቀጥለው ሰዓት መጣ። ድኅረ ምረቃ የሚማር ልጅ ነው። ቁጥሩ የመጣው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከአልበርት ሜሕራቢያን ነው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከታተሙ ሁለት ትንንሽ ሙከራዎች። ሰዎቹ የሰሙት ነጠላ ቃል በተለያየ ቃና ሲነገር ነው፤ በአንደኛው ደግሞ የፊት ፎቶ አብሮ ታይቷል። የተጠየቁት ተናጋሪው ወዷል ወይስ ጠልቷል የሚለውን ነው። ሜሕራቢያን ራሱ ቀመሩ የሚሠራው ሰው ስለ ስሜቱ ሲናገር ብቻ ነው፣ ለሌላ አይዋልብኝ ብሏል። ከዚያ ልጁ ቀለደ፦ 93 ከመቶው እውነት ከሆነ መምህሩ ያለ አንዲት ቃል፣ በእጅና በፊት ብቻ፣ ቅዳሜ 2 ሰዓት ቧንቧ ውሃ ብሎ ይንገራቸውና እንይ። ወደ እናትየው ሐሳብ ተመልሶም በሰው መሃል ያለውን ርቀት የለካውን ኤድዋርድ ሆልን አነሳ። ለቅርብ ሰው እስከ 45 ሳንቲሜትር፣ ለወዳጅ እስከ 1.2 ሜትር፣ ለሥራ ሰው እስከ 3.6 ሜትር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ነው። ግን የለካው መካከለኛ ኑሮ ያላቸው አሜሪካውያንን ነው፣ ራሱም ለሌላ ሕዝብ አይሠራም ብሏል። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ 45 ሳንቲሜትር የሚባል ነገር የለም። አንዱ ክርን ጎንህ ውስጥ ነው።

9ኛው የአሠልጣኙ ምላሽ ነው። ስድብ ስላለበት አልደግመውም።

10ኛው ኮምቦልቻ የሚከራይ አንድ ክፍል ቤት ፈለገ። ወንድሜ፣ ምን ላድርግህ።

11ኛው ላይ ቆም ልበል። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ኤርፖርት አካባቢ ለዓመታት ሠርቻለሁ ይላሉ። ምክር አልሰጡም፣ አንድ ታሪክ ነው የነገሩን። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ በስፔኗ ተነሪፌ ደሴት፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ነበሩ። አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ አንዱ የአሜሪካው ፓን አም። ጉሙ ምንም አያሳይም። የኬኤልኤም አብራሪዎች አሁን መነሻው ላይ ነን የሚል ነገር ተናገሩ። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ሰው ገና ቆመዋል ብሎ ስለገመተ «ኦኬ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ አለ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አሞች ገና መንገዱ ላይ ነን ብለው ተናገሩ። ሁለት ድምፅ በአንድ ሞገድ ሲገናኝ ፉጨት ይሆናል፤ ኬኤልኤም ጋ ጥርት ብላ የደረሰችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች። 583 ሰው ሞተ።

ከዚያ በኋላ የአየር መንገድ ሰው አነጋገሩን ቀየረ ይላሉ። «ኦኬ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ አብራሪው የታዘዘውን መልሶ ይናገራል፣ ማማው ያደምጣል፣ ከተሳሳተ ያርመዋል። መነሳት የሚለው ቃልም ራሱ የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ አይጠራም። የእኛ «እሺ» የዚያ «ኦኬ» ታናሽ ወንድም ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። የሥልጠናው ወረቀት ውስጥ መልሶ ስለ መናገር አንድ መስመር የለም።

12ኛዋ እትዬ ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈላቸው። ይህን ሁሉ የፈረንጅ አገር ጉድ ከሰሙ በኋላ ትንሽ ተገርመዋል። ማዳመጥ እኛ ቤት በቡና ነው የሚለመደው አሉ። ቡና ሲፈላ ዱዓ አለ። አንዱ ሲመርቅ ሌላው በየማረፊያው አሚን ይላል። ልጅ ሐሳቡ ከሄደ አሚኑ ያለ ቦታው ይወድቃል፤ ሁሉም ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። መምታትም መቆጣትም አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ቀን ይሰማል። ሲወራም እንዲሁ ነው፤ ሰሚው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ እህ ይላል፣ ወይ ጉድ ይላል። ዝም ካለ ተራኪው ታመምክ እንዴ ብሎ ያቋርጣል። ስልክ ላይ ግን ትንፋሽ የለም። አውራ ጣት አለች፤ እሷን ደግሞ ሰው ሳያነብም ይጫናታል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ። ከበድ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው በአቦል አያነሳውም፤ በአቦል ሰው ገና ከቤቱ ሐሳብ ጋር ነው። ቶና ሲደርስ ነው የሚወራው። እኔ ደግሞ የጉዞውን ነገር የተናገርኩት ሐሙስ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ፣ ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ግማሹ ቦርሳውን አዝሎ ነበር። ይህን እትዬ አያውቁም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

13ኛዋ የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ቅሬታ ስለ ማቅረብ አስተምር አለችኝ። አሜሪካዊው ቶማስ ጎርደን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን ዘዴ ነው ያነሳችው፦ አንተ እንዲህ ነህ ከማለት፣ ይህ ሲሆን እኔ እንዲህ እሆናለሁ ማለት። 14ኛው ወዲያው ሳቀ። ልጆች «እንዲህ የሚል ስሜት ተሰማኝ» ማለት ከጀመሩ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ይመስላሉ አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ዘዴው ጥሩ ነው፣ አማርኛው ነው የከሸፈው። እኛ ጋ «ተሰማኝ» ሳይባል ያልቃል። አንተ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ ከማለት፣ ስታረፍድ ብቻዬን ቆሜ ከፋኝ ማለት ይቻላል። «ከፋኝ» ቤታችን ያለ ቃል ነው። ማንንም አይከስም፤ የሰማው ሰው ግን መልስ ሳይሰጥ አያልፍም።

15ኛው ስለ ቃሉ ነው። «ተግባቦት» የምሁር ቃል ነው፣ «ግንኙነት» በለው አሉ አንድ ሰው። አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ «የእርስ በርስ ግንኙነት» ብዬ ጽፌ አይቼዋለሁ። የ10ኛ ክፍል ልጅ ምን ብሎ እንደሚስቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ተግባቦት ይቆይ።

16ኛው የፊዚክስ መምህር ነው፣ ኮምቦልቻ። እኔን በጣም ያሳፈረኝ መልስ ይህ ነው፤ እሱ ግን እንደ ወንድም ነው የጻፈው። ሃያ ዓመት «ገባችሁ?» እያለ እንዳስተማረ ነገረን። ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው አለ። ልጁ አዎ ካለ ይገላገላል። አልገባኝም ካለ ስድሳ ሰው ፊት ብቻውን ይቆማል፣ በዚያ ላይ ሌላው ወደ ቤት እንዳይሄድ የያዘው እሱ ይሆናል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ ፍርሃቱ ሁለት ነው፤ አንዱ አለመረዳቱ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ተሳስቶ መጠየቁ። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጠው። አሁን ገባችሁ አይልም። ስለ ጉዞ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከቤት የምትወጣው በስንት ሰዓት ነው ይላል። ስለ ትምህርት ከሆነ፣ ይህን ትናንት ለቀረ ጓደኛህ እንዴት ትነግረዋለህ ይላል። እነዚህን አዎ ብሎ ማለፍ አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ዝም ያለበት ጊዜ ረጅም ነበር፤ ዝምታውን መቻል ከባዱ የእሱ የቤት ሥራ እንደነበር ጽፏል። መምህር የሆናችሁ ይገባችኋል። አምስት ሰከንድ ዝምታ ክፍል ውስጥ ዓመት ነው።

17ኛው አንድ አባት ናቸው። በእኛ ጊዜ ልጅ ይሰማል እንጂ አይጠይቅም ነበር፣ ዝም አይነቅዝም አሉ። አሁን ልጁ ሁሉ አፍ ብቻ ሆነ፣ እናንተ ደግሞ ይባስ ብላችሁ ንግግር ልታስተምሩት ነው አሉ።

18ኛዋ አልታገሰቻቸውም። ኮምቦልቻ የልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ናት። ልጅነቷን ሙሉ እሺ በይ እየተባለች አደገች። ሥራ ከጀመረች በሳምንቷ ተቆጣጣሪዋ አንድ ነገር በጥድፊያ አሳይቷት ሄደ፤ አልገባትም፣ እሺ አለች። እስከ ምሳ ሰዓት የሰፋችው ሁሉ ኪሱ ተገልብጦ ወጣ። ተፈትቶ እንደገና ተሰፋ፤ ያን ቀን ያለቀሰችውን እስከ ዛሬ አትረሳውም። ዝም አይነቅዝም ላሉት በተረት መለሰች፦ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ከዚያ የአንተ ትውልድ ዝም ብሎ ምን አተረፈ የሚል ነገር ጨመረች። ይህቺ ቢቀርባት ደስ ይለኝ ነበር።

19ኛው የአባትየው መልስ ነው። የሚገርመው ስለ ትውልድ ምንም አላሉም። የቆረቆራቸው «አንተ» ማለቷ ነው። እሷም ከሥሩ ቶሎ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ እዚህ መድረክ ላይ ሽበት አይታይም፣ በምን አውቄ አንቱ ልበል አለች። እውነቷን ነው። አማርኛችን ገና አፍ ሳንከፍት የሰውየውን ዕድሜ ማወቅ ይፈልጋል። ስልክ ይህን አይነግረንም። አንዳንዱ ሁሉንም አንቱ ይላል፣ ወጣቶቹ ደግሞ አርጅታችኋል የተባሉ ይመስላቸዋል። እኔም ከላይ 2ኛው ላይ እንደተሰናከልኩ አይታችኋል።

20ኛው አስታራቂ ሆኖ ገባ። አያቱ አበጋር ነበሩ፣ ገጠር ውስጥ የተጣላ የሚያስማሙ። በልጅነቱ አብሯቸው ሄዶ ያየውን ነገረን። አንዱ ሲናገር ሌላው መሃል አይገባም። ጨረስኩ እስኪል ይጠበቃል፤ ጨረስክ ወይ ተብሎም ይጠየቃል። ከዚያ አያቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሰሙትን ራሳቸው መልሰው ይናገሩታል፤ እንዲህ ነው ያልከው፣ አይደለም? ሰውየው አዎ ካላለ ወደ ሌላኛው አይዞሩም። አንዳንዴ በዚህ ብቻ ግማሹ ጠብ ይበርዳል፤ ሰው መሰማቱን ሲያውቅ ድምፁ ይወርዳል። ልጁ ከ11ኛው ጋር አላያያዘውም። እኔ ነኝ ያያያዝኩት፤ የአውሮፕላን ማማ ላይ ያለው ሰውና አበጋሩ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

21ኛው አጭር ነው። ከአምስቱ አንዷ ነኝ ብላ ጀመረች። ስሟን አልጻፈችም። ቆሎ የቋጠረችው መሆኗንም አለመሆኗንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ቀርታ ነበር። 8:00 የሚለውን ስታይ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አልገባትም። ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ብላ ጻፈች። ወደ ላይ ስታይ ሃያ ሰው እሺ ብሏል። ለሁሉም ገብቶ ለእኔ ብቻ ነው ያልገባኝ ብላ አሰበችና አጠፋችው። በምትኩ እሺ ብላ ላከች። 9ኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን እጇን አውጥታ ጠይቃ ክፍሉ ስቆባት ነበር። መምህሩም ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

9ኛ ክፍልንም አስተምር ነበር። ያ መምህር እኔ ልሁን ሌላ ሰው አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኳትም። መልሱን ደጋግሜ አነበብኩት።

22ኛው የእኔ ነው። ማክሰኞ የመጀመሪያው ክበብ ነበር። ወረቀቱን ቤት ትቼው ሄድኩ። ለአለቃው መጀመሪያ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሰዓቱን እኔ ራሴ ግሩፑ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት አደልኩ። ስም አይጻፍ አልኩ፤ በዚህ ሳምንት እሺ ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ግን ያልገባችሁ አንድ ነገር ጻፉ። 32 ወረቀት ሰበሰብኩ። ባዶ የነበሩት ሦስት ናቸው። ዘጠኙ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ ሰኞ ያስተማርኩት፣ ገባችሁ ብዬ አዎ! የተባልኩበት። የተቀረው ሌላ ሌላ ነው፦ አንዱ ሐኪም ቤት ስለተሰጠው መድኃኒት፣ ሁለት ሰው አባታቸው ስላሉት ነገር፣ አንዷ ጓደኛዬ ለምን እንደተኮራረፈችኝ አልገባኝም ብላለች።

የቀረው ግማሽ ሰዓት ወደዚህ ሄደ። ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ መልእክት ይናገራል፣ ሌላው መልሶ ይናገራል፣ የመጀመሪያው አዎ እስኪል። በጣም ሳቁ። ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ሦስት ነገር ያለው መልእክት ሲሆን ሦስተኛው ሁልጊዜ ይወድቃል። መልሶ መናገሩ ዓይን ዓይን ማየት አልፈለገም፣ ማይክሮፎንም አልፈለገም። ዓይኗን ሰብራ የምትናገር ልጅ መልእክቱን ከሁሉም በላይ አሟልታ መለሰችው። መድረኩን ለስድስተኛው ክፍለ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ ካልደረሰም አልደረሰ።

23ኛው ያ የተቆጣው፣ 3ኛው ነው። ለአለቃው ይቅርታ መጠየቄን ወዶታል። ሌላውን ግን አሁንም አልተቀበለውም፤ ብጣሽ ወረቀት ማደል ሥራ ማስረዘም ነው ባይ ነው። አለመስማማቱ ምንም አይደለም። የምለውን መልሶ ነግሮኝ ነው ያልተስማማው፣ እሱም አዲስ ነገር ነው።

24ኛው ለቤት ፈላጊው የመጣ ነው። ኮምቦልቻ ዘመዱ የሚያከራየው አንድ ክፍል እንዳለ፣ ለማየት ቅዳሜ 3:00 ላይ መናኸሪያው በር እንገናኝ አለው።

25ኛው የቤት ፈላጊው መልስ ነው፦ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?